ዶሮ ማነቂያ የነበረው የጠጅ ቤት ግቢ

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ደርሶ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ አንድ የጠጅ ቤት ግቢም አብሮ ፈረሰ። ታፔላ አልነበረውም። ደንበኛው ሁሉ «እትዬ ቤት» ይለው ነበር፤ እትዬ ካረፉ በኋላም ልጃቸው እየሠራችበት ስሙ አልተለወጠም። ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ስላልነበረ ሲሄድም ስለ እሱ የተናገረ የለም። ይህ ጽሑፍ ለእሱና እንደ እሱ ላሉት ነው።

የቆርቆሮውን በር አልፎ፣ በሁለት ቤቶች መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ጎንበስ ብሎ ለገባ ሰው ከውስጥ ሰፊ ግቢ ይከፈትለታል። አግዳሚዎቹ አጥሩን ተጠግተው ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ አንድ ያረጀ ጽድ ቆሟል። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ዝናብ የመጣበት ብቻ ነበር። ክረምት ሲገባ ከጽዱ ወደ ጣሪያው ሸራ ይወጠራል፤ ሸራው ውኃ ሲያቁር አንዱ በዱላ ከሥሩ ይገፋዋል፤ ውኃው የሚወርድበት ሰው ጮሆ ይነሣል፣ ቀሪው ይስቃል። ሽንት ቤቱን ግን ባላነሣው ይሻላል።

ጠጁ የሚጣለው እዚያው ጓዳ ነበር። ጋኑ በግራዋ ይታጠብና በወይራ ጢስ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ተበጥብጦ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይነሣል፤ ከዚያ ጌሾው ይገባል። ጌሾ ሲበዛ ይመራል፣ ሲያንስ ደግሞ ጠጁ ብርዝ ብርዝ ይላል፤ ልኩን የምታውቀው የጣይዋ ምላስ ናት። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ በጨርቅ ከተጠለለ በኋላ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ተብሎ በብርሌ ይወጣል። ለስላሳውን የሚያዝዝ ወጣት «ገና ጡት አልጣልክም እንዴ?» መባሉ የማይቀር ነበር። አሳላፊው ብርሌውን ከማስቀመጡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይቀምሳል። የጥንት የቤተ መንግሥት ወግ ነው፤ በዶሮ ማነቂያ ግን ለጫማ ጠራጊውም ይቀመስለት ነበር።

የዚህ ግቢ ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጠጅ ዱሮ የንጉሥና የመኳንንት መጠጥ ነበር። በምኒልክ አዳራሽ በግብር ቀን የሚገባው በማዕረግ ተራ ነው፤ መኳንንቱ በብርሌ ሲጠጡ ለወታደሩ የሚቀርበው በቀንድ ዋንጫ ነው። እትዬ ግቢ ውስጥ ዳኛውም፣ የመርካቶ ነጋዴውም፣ ወዛደሩም የያዙት አንድ ዓይነት ብርሌ፣ የተቀመጡበትም አንድ ዓይነት አግዳሚ ነበር። ከማዕረግ የቀረው የዕድሜ ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» ይባላል፣ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሣ በእጃቸው ይከለክላሉ። ጌታ የሌለበት ግብር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ምግቡ የግቢው አልነበረም። ቤቱ የሚያቀርበው ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ነው። ሥጋው ከጎን ካለው ሥጋ ቤት ተመዝኖ፣ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር በሰፌድ ይመጣል። ቁርጡ ሲደርስ ከማያውቁት ጎረቤት ጋር «እንብላ» መባባል ግድ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲባል ደግሞ ጎረቤትየው ቢላውን ያነሣል። ረቡዕና ዓርብ ሰፌዱ በሽሮ ትሪ ይተካል፤ ጠጁ ግን ጾም አያውቅም ነበር። ይህን ያልወደዱ ቄስ አልጠፉም፣ ጥቂቶቹም ደንበኛ ነበሩ።

አመሻሽ ላይ አዝማሪ ይገባል። ማሲንቆውን ሳይቃኝ ማንን እንደሚያወድስ በዓይኑ ይመርጣል። ግጥሙን የሚሰጡት ግን ጠጪዎቹ ናቸው፤ «ተቀበል!» ይባላል፣ አዝማሪው ይቀበላል። በደርግ ጊዜ ነገሩ ከበደ። ሰዓት እላፊው ሰውን በጊዜ ያስገባል፤ አግዳሚው ላይም ጆሮ ጠቢ እንደማይጠፋ ሁሉም ያውቃል። ያኔ ስለ ፍቅር የሚዘፈነው ሁሉ ስለ ፍቅር አልነበረም፤ ሰሙ ለጆሮ ጠቢው ይተውለትና ወርቁን የገባው ብርሌውን ያነሣ ነበር።

ግቢውን የገደለው ዶዘር ብቻ ነው ማለት ግን እውነት አይሆንም። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የጊዮርጊስ ቢራና ከእሱ ወዲህ የመጡት ሁሉ ወጣቱን ቀስ በቀስ ወስደውታል፤ ድራፍት ቤት ገብቶ በጃምቦ የሚጠጣ ልጅ የብርሌን አንገት በሦስት ጣት መያዝ አላማረውም። የማር ዋጋ ሲንር ስኳር ጋን ውስጥ ገባ። እትዬ ቤት ስኳር አይገባም ይባል ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን በማግሥቱ ራስ ምታት የያዘን ሰዎች ዝም ተባብለናል።

ሰፈሩ ሲፈርስ ነዋሪዎቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። የእትዬ ልጅ አራተኛ ፎቅ ደርሷታል። ከጋኖቹ አንዷን ይዛ ሄዳ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በወይራ ስታጥናት ጢሱ በደረጃው ወጥቶ ጎረቤቶች እሳት መስሏቸው በሯን ደበደቡ። አሁን ለፋሲካና ለገና ብቻ፣ በፕላስቲክ ጀሪካን ትጥላለች፤ ለሚያውቋት የዱሮ ደንበኞች በሊትር ትሸጣለች። ማዘዝ የፈለገ ከሦስት ሳምንት በፊት ይደውላል።