እሳትን ስለ መግታት

በለንደን ከተማ የቤት ማሞቂያ ጥገና በቅርቡ የጀመረ አንድ ወጣት ያገሬ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ፣ ታይመሩንም አጥፍቼ ሳለ ራዲያተሩ እንደ ጋለ ያድራል፤ ቴርሞስታቱን ልቀይር ወይስ ታይመሩን?» ሲል ጠየቀኝ። ከሁለቱ አንዱን ብመርጥለት ደስ ባለው ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው ከመነሻው መንገድ የሳተ ስለ ሆነ፣ ለእርሱም ይህን ሙያ ለያዙ ባልንጀሮቼም አሳቤን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ ወደድሁ።

«ቀይረህ ሞክር» የሚባለው ልማድ በሙያችን ውስጥ ሥር እየሰደደ መጥቷል። የዚህ ልማድ ጠበቆች የሠራተኛ ሰዓት ውድ፣ ዕቃው ግን ርካሽ ስለ ሆነ፣ ቆሞ ከመመርመር ይልቅ የተጠረጠረውን አውልቆ አዲስ መግጠም ያዋጣል ይላሉ። እኔ ግን ይህን ከቶ አልቀበለውም፤ ምክንያቱም ማስረጃ ሳይገኝ የተቀየረ ዕቃ ብልሽቱን ቢያስወግድ እንኳ መንሥኤውን ይሰውረዋል፤ ባያስወግድ ደግሞ የባለቤቱን ገንዘብ በከንቱ አስወጥቶ ሠራተኛውን ከአንዱ ግምት ወደ ሌላው ይመራዋል። ከዚህ የማይሻል ሌላም ልማድ አለ፤ ይኸውም የተጣበቀውን ቫልቭ በካቻቢቴ እጀታ እየመቱ ማላቀቅ ነው። ቫልቩ ለጊዜው ይላቀቃል፣ ራዲያተሩም ይቀዘቅዛል፣ ሠራተኛውም ተመስግኖ ይሄዳል፤ ዳሩ ግን የያዘው ዝቃጭ ከውስጥ ስላልወጣ ሳይውል ሳያድር ተመልሶ ይጣበቃል።

ቦይለር፣ የገዛ ካርዱ ካልተበላሸ በቀር፣ ሳይታዘዝ አይነድም። በእንግሊዝ አገር በብዙ ቤቶች በሚገኘው፣ ለራዲያተሩና ለሙቅ ውኃው ታንከር ለየብቻ ቫልቭ በተገጠመበት ሥርዓት፣ ቴርሞስታቱ የሚያዝዘው ቦይለሩን ሳይሆን የቫልቩን ሞተር ነው። ሞተሩ በ230 ቮልት ተነሥቶ ቫልቩን ይከፍታል፤ መከፈቱ ሲፈጸም በውስጡ ያለችው ማይክሮስዊች ትገጥማለች፤ ያን ጊዜ በግራጫው ሽቦ ላይ ዘወትር የሚገኘው ኤሌክትሪክ ወደ ብርቱካንማው ሽቦ ተሻግሮ ቦይለሩንና ፓምፑን ያስነሣል። እንግዲህ ቴርሞስታቱ ትእዛዙን ካነሣ በኋላ ቫልቩ ተከፍቶ ቢቀር፣ ብርቱካንማው ሽቦ ሥራውን አያቋርጥም፤ ቦይለሩም አዛዡ ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የማይቻለው ስለ ሆነ መንደዱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ከዕቃው አስቀድሞ የሚመረመረው ጊዜው ነው። ራዲያተሩ የሚግለው ሙቅ ውኃ ሲታዘዝ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ? ሙቅ ውኃ ሲታዘዝ ብቻ ከሆነ፣ ቦይለሩን ያዘዘው የሚገባው አዛዥ ነው፤ ጥፋቱም የራዲያተሩ ቫልቭ በሚገባ ሳይዘጋ ውኃውን ማሳለፉ ነው። ሁሉም ጠፍቶ ሳለ የሚግል ከሆነ ግን፣ በጣሪያው ሥር ውርጭን ለመከላከል የተገጠመ ሌላ ቴርሞስታት አለመኖሩን፣ የታየውም ነገር ቦይለሩ ከጠፋ በኋላ ፓምፑ ትርፍ ሙቀቱን ለማብረድ ለጥቂት ደቂቃ መዞሩ ብቻ አለመሆኑን ካረጋገጥን በኋላ፣ ወደ ሽቦዎቹ እንሄዳለን። ወደ ሞተሩ በሚገባው ቡናማ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ካለ ጥፋቱ ከበላይ ነው፤ ምናልባትም በታይመሩ ወይም በቴርሞስታቱ ሪሌ ውስጥ የመገናኛው ነጥብ ተበይዶ ቀርቷል። ቡናማው ባዶ ሆኖ ብርቱካንማው ኤሌክትሪክ ካለበት ግን ጥፋቱ በቫልቩ ዘንድ ነው። የሁለቱ ቫልቮች ብርቱካንማ ሽቦዎች በአንድ ማገናኛ ላይ ስለሚገጣጠሙ የአንዱ ጥፋት በሁለቱም ላይ እንደሚታይ ባልንጀሮቼ ያውቁታል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪኩን ከዋናው ቆርጦ፣ ሽቦዎቹን ለያይቶ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ገና ለክቶ የሚፈርድ ስንቱ ነው? በቫልቩ ጐን ያለችውም ማንሻ ምስክር ናት፤ ቫልቩ ተዘግቶ ከሆነ በጣት ስትገፋ ትቃወማለች፤ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወዲያና ወዲህ የምትል ከሆነ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል።

በሰሜን ለንደን የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያዊት እናት በፈረንጆች በጋ ራዲያተራቸው እየጋለ መስኮት ከፍተው ያድሩ ነበር። ከእኔ በፊት የመጣው ሠራተኛ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን፣ ሁለተኛም ታይመሩን ቀይሮ፣ ሳይበጅለት ቀርቶ ሄዷል። እርሳቸውም ተስፋ ቆርጠው የማሞቂያውን ማጥፊያ ማታ ማታ ራሳቸው እያጠፉ ያድሩ ስለ ነበር፣ ጧት ፊታቸውን የሚታጠቡበት ሙቅ ውኃ አልነበራቸውም። በሩን ሲከፍቱልኝ፣ «ልጄ፣ አንተም የምትቀይረው ነገር ይዘህ መጣህ?» አሉኝ። የያዝሁት ቴስተር ብቻ መሆኑን ነገርኋቸው። የራዲያተሩ ቫልቭ ማንሻ ልል ነበረች፤ ቡናማው ሽቦ ባዶ ነበር፤ የሞተሩን ራስ አውልቄ ዘንጉን ባዞርሁት ጊዜ በጭንቅ ተንቀሳቀሰ። ውኃውን አፍስሼ ቫልቩን ስፈታው፣ ከራዲያተሮቹ ብረት ዝገት የሚመጣው ማግኔታይት የተባለው ጥቁር ዝቃጭ ወገቡን ይዞት አገኘሁ። ስለዚህ ቫልቩን በአዲስ ለወጥሁ፤ ከዚያ ይልቅ ረጅም ሰዓት የፈጀብኝ ግን ቧንቧዎቹን ማጠብና የዝገት መከላከያውን መድኃኒት መጨመር ነበር። እርሳቸው ቡና አፍልተው፣ የልጅነታቸውን ቤትና የአባታቸውን የንብ ቀፎዎች እያነሡ ሲያጫውቱኝ፣ ራዲያተሩ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ በእጃቸው እየዳሰሱ ምርቃት ያወርዱልኝ ጀመር።

በእኔ አሳብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ክብር የሚገባው ቫልቩን መልሶ የሚዘጋው ሞላ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሞተሩን ነው፤ ሞተሩ ሲሞት ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ብልሽቱ ወዲያው ይታወቃል፤ አዘውትሮ የሚሞተውም እርሱ ነው። ሞላው ግን ሞተሩ በከፈተ ቁጥር እየተወጠረ ኃይሉን ያከማቻል፤ ኤሌክትሪኩ በተቋረጠም ጊዜ ከማንም እርዳታ ሳይጠብቅ ይዘጋል። ይህን ያሰበው ሰው፣ መክፈት የማያቋርጥ ትእዛዝ እንዲያስፈልገው፣ መዝጋት ግን ምንም ትእዛዝ እንዳያስፈልገው አድርጎ መሥራቱ ታላቅ ማስተዋል ነው። የቀደሙትም ሊቃውንት የደከሙት ለዚሁ ነገር ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ ንጉሥ በቀዳማዊ ጄምስ ዘመን፣ የሆላንድ ተወላጅ የሆነው ኮርኔሊስ ድሬበል ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የምድጃውን የአየር መግቢያ በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ ሠርቷል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ደግሞ በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ አልበርት ቡትስ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የምድጃውን መዝጊያ የሚከፍት፣ ሲሞቅም መልሶ የሚዘጋ መሣሪያ ፈጥሯል። ሁለቱም ያስጨነቃቸው እሳቱን ማንደድ ሳይሆን መጠኑን መወሰን ነበር።

እኔ የተወለድሁት በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ውርጩ እህል በሚያቃጥልበት ደጋ ነው። እናቴ ሁልጊዜ ማታ የምድጃውን ፍም በአመድ ትዳፍነው ነበር፤ ሳይዳፈን ቢቀር ወይ ፍሙ ከስሎ ጧት እሳት ፍለጋ ጎረቤት መሄድ ይመጣል፣ ወይም ተቀጣጥሎ ቤቱን ከነሰዉ ያጠፋዋል። በዚያ ዕድሜዬ ይህን ሥራ ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም። በስደት አገር የሰው ቤት ማሞቂያ መጠገን መተዳደሪያዬ ከሆነ በኋላ ግን የእናቴ ሥራ ጥበብ መሆኑን ተረዳሁ፤ እኔም ከእርሷ የወረስሁትን ተልእኮ በሌላ መሣሪያ የምፈጽም ሆኖ ይሰማኛል። ቋንቋውንና ልማዱን ሳላውቀው በገባሁበት አገር ቤቱን በእምነት የከፈተልኝ ሰው ሁሉ እሳቱን በአደራ የሰጠኝ ስለ ሆነ፣ በግምት መሥራት ለእኔ አደራ መብላት ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ኤሌክትሪኩን ቍረጡ፣ መቈረጡንም በቴስተር አረጋግጡ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2009 ጀምሮ ጋዝ ሴፍ ተብሎ በሚጠራው መዝገብ ላይ ስማችሁ ካልተጻፈ የቦይለሩን የጋዝ ክፍል አትንኩ። ከዚያም ብልሽቱ በምን ሰዓት እንደሚታይ ጠይቁ፣ ማንሻዋን ዳስሱ፣ ኤሌክትሪኩን መልሳችሁ ቡናማውንና ብርቱካንማውን በጥንቃቄ ለኩ፣ በመጨረሻም ፍረዱ። እናንተም ተለማማጅ የምትቀበሉ መምህራን፣ ከዕቃ ዋጋ በፊት መለካትን አስተምሯቸው። ሳይለካ የተቀየረ ዕቃ ጥገና አይባልም።