«የማን ልጅ ነህ?» ስለ ለምን ሲሳይ መጽሐፍ የቀረበ ትችት

በፀዳ ገበያ አንድ ወጣት ከማያውቁት ሽማግሌ ፊት ሲቆም ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስምህ ማን ነው?» የሚል ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። ያባቱን ስም ሲናገር አያቱ ይነሣሉ፤ ከአያቱም ቀጥሎ አንድ የጋራ ዘመድ ይገኝና ወጣቱ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ለመሆኑ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው በምን ዘመድ ያገኛል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመረምር የምሻው ይህንኑ ነገር መሠረት ያደረገ አንድ መጽሐፍ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቅኔው ለምን ሲሳይ በ1967 በእንግሊዝ አገር ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። እናቱ ልጇን ለጥቂት ጊዜ በአደራ እንዲጠበቅላት ብትሰጥም፣ ልጁ ኖርማን የሚባል ስም ወጥቶለት ለአንድ ነጭ ቤተሰብ ተሰጠ። በ1968 ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችው ደብዳቤ በመዝገብ ውስጥ ተቀመጠ። ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው አሳዳጊዎቹ ስለ መለሱት እስከ ጕልማሳነቱ ድረስ በሕፃናት ማሳደጊያ ቤቶች ኖረ። ስሙንና የእናቱን ደብዳቤ ያገኘው ከዚያ ሊወጣ ሲል ነው፤ ሙሉው መዝገብ ግን የተሰጠው በ2015 ነው። ከዚያም መዝገብ በ2019 «ስሜ ለምን ነው» የሚለው መጽሐፍ ወጣ።

የመጽሐፉ ብልኀት በአሠራሩ ላይ ነው። ደራሲው የሹማምንቱን ሪፖርት እንዳለ ያቀርባል፤ ከሪፖርቱም ጎን ልጁ በዚያው ጊዜ ያየውንና የተሰማውን ይተርካል። ጸሐፊዎቹ የሚናገሩት በቀዝቃዛ ቃል ነው፤ ክፋትም ብዙ ጊዜ አይታይባቸውም። አንባቢውን የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ አንድ ሕፃን ያለ ቍጣና ያለ ጩኸት፣ በወረቀት ብቻ፣ ከእናቱ ሊለይ መቻሉን ይረዳልና። በየምዕራፉ መግቢያ የተቀመጡት አጫጭር ግጥሞች ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ መዝገቡ በዝምታ የተናገረውን ደግመው ስለሚያስረዱ የነገሩን ኀይል ይቀንሱታል።

አማርኛ የሚያውቅ አንባቢ ግን ሌላው የማያየውን አንድ ነገር ያያል። ርእሱን በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ጥያቄ ስም ሲሆን አይቶ ይገረማል። በአማርኛ ግን «ስሜ ለምን ነው» ሁለት ትርጕም አለው፤ ስሙን የሚያስታውቅ ሰው ንግግር ነው፤ ደግሞም «ስሜ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ንግግር ነው። በእኛ ልማድ ስም ተራ መጠሪያ አይደለም። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥሎ የወለደችውን «ምትኩ»፣ «ካሳ» ወይም «ማስረሻ» ብላ ስትጠራ በአንድ ቃል ታሪኳን ትናገራለች። ስም የወላጅ አጭር ግጥም ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የልጁ ስም ሲለወጥ እናቱ የደረሰችው ግጥም ተፋቀ።

ከዚህ ጋር ሁለት ሥራዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር የተማረ፣ በ1981 በአሜሪካ የሞተ ሠዓሊና ባለቅኔ ነው። «አገሬ» በሚለው ግጥሙ የአገሩን ውበትና ነፃነት ሲዘረዝር የማን እንደ ሆነ ጥርጥር የለውም፤ ናፍቆቱ የሚያውቀውን ነገር ነው። ለምን ሲሳይ ግን የናፈቀው ያላየውን ነው። በኢትዮጵያ ተወልዳ በ1984 ወደ እስራኤል የሄደችው ዳልያ ቤቶሊን ሸርማን ደግሞ በ2013 በዕብራይስጥ ባሳተመችው የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል የስደተኛ ቤተሰብን ኑሮ በልጆች ዐይን ታሳያለች። በዚያ ዘመን ከጎንደር አውራጃዎች በሱዳን በኩል የሄዱ ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ነገር ግን አብዛኞቹ በቤት ውስጥ በፊተኛው ስማቸው የሚጠራቸው ዘመድ ነበራቸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር አንድ መምህር ስሜ ለአፉ ስለ ከበደው በሌላ ስም ይጠራኝ ነበር፤ እኔም ሳልቃወም «አቤት» እል ነበር። ማታ ግን እናቴ በስሜ ስለምትጠራኝ ነገሩ እንደ ጨዋታ አለፈ። መጽሐፉን ሳነብ ያ ልጅ ማታ የሚጠራው እንዳልነበረ አሰብሁ፤ አፍሬም ዘጋሁት።

ለምን ሲሳይ በ2012 የሎንዶን ኦሊምፒክ ባለቅኔ ሆኖ ከተመረጠ፣ ከ2015 እስከ 2022 የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆኖ ካገለገለ በኋላ «እርሱ የእኛ ልጅ ነው» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። እኔ ግን በዚህ አባባል አልስማማም። በደም ብቻ የእኛ ነው ካልን፣ እኛም እንደዚያ መዝገብ ሰውን በወረቀት መቍጠራችን ነው። ዘመድነት የሚገኘው በመጠየቅና መልሱን ቁጭ ብሎ በመስማት ነው፤ የፀዳ ሽማግሌ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የቋንቋ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ «የእኛ ነው» ከማለታችን በፊት መጽሐፉን እናንብበው፤ ለፀዳ አንባቢም እንዲዳረስ በጥሩ አማርኛ እንተርጕመው። ስሙ በተሰጠበት ቋንቋ ሲነበብ ያን ጊዜ «የማን ልጅ ነህ?» ብለን ብንጠይቀው ያምርብናል።