የቪዲዮ ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ

እንደ ሲሬ ባሉ የአርሲ ትናንሽ ከተሞች ላደግን ሰዎች ሲኒማ ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተደረደረ አግዳሚ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ፤ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈን ነበር። በሩ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ይቆም ነበር።

ያንን ሰሌዳ ይጽፍ የነበረውን ሰው ከልቤ አደንቃለሁ። ለገበያተኛው የህንድ ፊልም፣ ማታ ለወጣቱ ካራቴ እንደሚስማማ ያውቅ ነበር። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ የዴኩን ማንበቢያ («ሄድ») አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርግ ነበር። መብራት ከጠፋ በማግሥቱ በነፃ ያስገባ ነበር። ደንበኛ ሲለምነው ደግሞ የቆየውን ፊልም እንደገና ያሳይ ነበር፤ እኛም በመጀመሪያው ያመለጠንን በሁለተኛው እናይ ነበር።

የጠመኔውን ሰው ሳስብ የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ትዝ ይለኛል። እርሱም በ1993 እ.ኤ.አ. ለወጣው ፊልሙ «ሳንኮፋ» አከፋፋይ ሲያጣ፣ አዳራሽ እየተከራየ በየከተማው ራሱ አሳይቷል። ኋላም ከባለቤቱ ከሽሪኪያና አይና ጋር ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፍቷል። የእርሱም የጠመኔው ሰውም ሥራ አንድ ነው፦ ፊልም መርጦ፣ በር ከፍቶ፣ ሰውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ።

ዛሬ ፊልሙ በየኪሳችን አለ። በዚያ አግዳሚ ላይ ግን ከአርሲ ብርድ ሸሽተን፣ በአንድ ጋቢ ተጠጋግተን፣ ጀግናው ከወደቀበት ሲነሣ ሁላችንም አብረነው እንነሣ ነበር። በሩን ለከፈተልን ሰው ምስጋና ይድረሰው።