የአንዱ መውደቅ የሌላው መቆም አይደለም



እስቲ አንድ ቀን ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ብቅ ይበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር የተቋቋመው ይህ 705 ሄክታር የሚሸፍን ሥፍራ ባሕር ዛፍ የሞላበት ተራራ ነበር። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ ዛፍ ነው። ማገዶና ማገር ሆኖ ጠቅሞናል፤ ዳሩ ግን ውሃ ይመጣል፣ ሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም። በማዕከሉ እንደ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎች እንዲተኩት እየተሠራ ነው። ልብ ይበሉ! ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። መቁረጥ ብቻውን ጥድ አያበቅልም።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጁሙዓ ሶላት በኋላም ሆነ ቡና ላይ «አሜሪካ አበቃላት» የሚል ወሬ አይጠፋም። ተናጋሪዎቹ ማስረጃ አያጡም። በ1995 ዓ.ም. ኢራቅ የተወረረችው አለ በተባለ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ሰበብ ነበር፤ መሣሪያው ግን አልተገኘም። 20 ዓመት የፈጀው የአፍጋኒስታን ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጥድፊያ ሽሽት ተደመደመ። ጋዛ ስትነድ ዋሽንግተን የተኩስ አቁም ውሳኔዎችን በፀጥታው ምክር ቤት ደጋግማ ሽራለች። ቁጣው ተገቢ ነው። ጥያቄው ግን ደስታው ወዴት ያደርሰናል? የሚለው ነው። «አበቃላት» የሚለው ያው ሰውም ዲቪ በመጣ ቁጥር ፎርም ሲያስሞላ ኖሯል።

ከራሳችን ታሪክ እንማር። በ1945 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት አሜሪካ በአስመራ የቃኘው ጦር ሠፈርን ስትይዝ፣ አገራችን የጦር መሣሪያና ሥልጠና አገኘች። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ ሠፈሩን እንዲዘጋ አዘዘ። ታዲያ ነፃ ወጣን? በዋሽንግተን ቦታ ሞስኮ ገባች፤ መሣሪያው ጎረፈ፣ የሰሜኑ ጦርነትም ቀጠለ። ሞስኮ እጇን ስትሰበስብ ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ በታህሣሥ 1984 ዓ.ም. ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። አንዱ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ሌላ ባሕር ዛፍ ተተከለ ማለት ነው።

በእኛ ዘመንስ? አሜሪካ በታህሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታስወጣን፣ የሐዋሳን የመሰሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ገበያ አጡ፤ ዱላው ያረፈው በልብስ ስፌት በሚተዳደሩ ወጣት ሴቶች ላይ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታዋን ስታግድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ። ኃያሉ ፊቱን ሲያዞር ቀድሞ የሚጎዳው ድሃው ነው። በታህሣሥ 2016 ዓ.ም. ብሪክስን መቀላቀላችን መልካም በር ሊሆን ይችላል፤ የምንጠብቀውን እጅ ብቻ ከቀየርን ግን ምንም አልተማርንም።

ውድ አንባቢ፣ አላህ (ሱ.ወ) ቀናትን በሰዎች መካከል እንደሚያፈራርቅ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አስተምሮናል። የኃያላን መነሳትና መውደቅ ለሙእሚን እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛ መለኪያ ኃይል ሳይሆን ፍትሕ ነው። የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦቻቸውን ወደ ሐበሻ የላኩት ነጃሺ ብዙ ጦር ስለነበረው አይደለም፤ በእርሱ ዘንድ ማንም ስለማይበደል ነው። በዚህ መለኪያ አሜሪካ ትመዘን፤ እርሷን የሚተካውም ይመዘን፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን እኛው በቤታችንና በሠፈራችን እንመዘን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቂያማ ሊቆም ቢል እንኳ ችግኝ በእጁ ያለ ሰው እንዲተክለው መክረውናል። የዓለም መገለባበጥ ከመትከል አያግድም ማለት ነው። ችግኙ በዘካችን የሚቋቋም ድሃ፣ በወቅፍ የሚሠራ ክሊኒክ፣ ሙያ የጨበጠ ልጅ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ «አሜሪካ መቼ ነው የምትወድቀው?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ወደ ጉለሌ ይውሰዱትና አንድ ለጋ ጥድ ያሳዩት። ከዚያም «እኛስ ምን ተክለናል?» ብለው መልሰው ይጠይቁት።

ወላሁ አዕለም።