የሚና ባለቤት ማን ነው?
በ«ብላክ ፓንተር» ፊልም የተዋናይ ምርጫ ላይ የቀረበ ሂስ

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰቡ ወጥቶ ወደ ኅብረተሰቡ የሚመለስ ሀብት እንደ መሆኑ መጠን፣ በአንድ የጥበብ ሥራ ዙሪያ በተመልካቾች መካከል የሚነሣ ክርክር ከሥራው ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም። ሐያሲው ያልደረሰበትን ነጥብ ተመልካቹ በተራ ቋንቋ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። በአሜሪካ ሲኒማ ሰፊ ገበያ የያዙት የልዕለ ኃያላን ጀግኖች ፊልሞች በአፍቃሪዎቻቸው ዘንድ የማያባራ ሙግት ያስነሣሉ፤ እገሌን ማን ይጫወተው? የተመረጠው ተዋናይ ይመጥናል ወይስ አይመጥንም? ቀጣዩ ፊልም መቼ ይታያል? ይህን ሁሉ የሥራ ፈቶች ጫጫታ ነው ብሎ የሚያልፈው ምሁር ጥቂት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከእነዚህ ሙግቶች አንዱን፣ ማለትም በተዋናዩ በቻድዊክ ቦዝማን ሞት ምክንያት የተነሣውን፣ መርምሮ በውስጡ አንድ መሠረታዊ የጥበብ ጥያቄ መኖሩን ማሳየት ነው። ጥያቄውም የሚና ባለቤት ማን ነው? የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ብላክ ፓንተር»፣ በእኛ ቋንቋ ጥቁሩ ግስላ፣ በ1966 በስታን ሊና በጃክ ከርቢ የተፈጠረ የሥዕላዊ መጽሔት ጀግና ነው። ስሙ ቲቻላ ሲሆን፣ ዋካንዳ የምትባል፣ በቅኝ ገዢዎች ያልተደፈረች፣ በዕውቀትና በቴክኒክ ከዓለም የመጠቀች ምናባዊት አፍሪካዊት አገር ንጉሥ ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ በቦዝማን አማካይነት በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ ሸራ ላይ ታየ፤ በ2018 ደግሞ በሪያን ኩግለር አዘጋጅነት ራሱን የቻለ ፊልም ተሠራለት። ፊልሙ በዓለም ገበያ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ከልዕለ ኃያላን ፊልሞች መካከልም ለምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት በመታጨት የመጀመሪያው ሆነ።

የገቢው ብዛት ግን የነገሩን ክብደት አይገልጸውም። በፊልሙ ውስጥ ኬንያዊቷ ሉፒታ ኒዮንጎ፣ ከዚምባብዌያውያን ወላጆች የተወለደችው ዳናይ ጉሪራ፣ ከኡጋንዳውያን ወላጆች በእንግሊዝ የተወለደው ዳንኤል ካሉያ፣ የደቡብ አፍሪካው አንጋፋ የመድረክ ሰው ጆን ካኒ በአንድነት ተሰልፈዋል። የዋካንዳ ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ በጆን ካኒ አሳሳቢነት የተመረጠው የደቡብ አፍሪካው ኾሳ ነው። ቦዝማንም ንጉሡ በእንግሊዝኛ ሲናገር የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ቅላጼ እንዳይኖረው አጥብቆ ተከራክሯል፤ በቅኝ ያልተገዛ ሕዝብ ንጉሥ የቅኝ ገዢን ድምፅ የሚዋስበት ምክንያት የለም ባይ ነበርና። እንግዲህ ተዋናዩ የተጻፈለትን ብቻ ያነበበ አልነበረም። ገጸ ባሕርዩን አብሮ ፈጥሮታል።

ቦዝማን የአንጀት ካንሰር እንዳለበት በ2016 ቢያውቅም ሕመሙን ከሕዝብ ሰውሮ ሥራውን ቀጠለ፤ በነሐሴ 2020 በ43 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የማርቨል ስቱዲዮ ኃላፊ ኬቨን ፋይጊ ለቲቻላ ሚና ሌላ ተዋናይ እንደማይመረጥ አስታወቀ። ገጸ ባሕርዩ ከተዋናዩ ጋር እንዲቀበር ተወሰነ ማለት ነው። ከዚህ ውሳኔ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አፍቃሪዎች ሚናው ለሌላ ተዋናይ ይሰጥ ዘንድ የሚጠይቅ አቤቱታ ፈረሙ፤ ክርክሩም ተፋፋመ።

የሁለቱም ወገን አቋም በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ነው። ውሳኔውን የደገፉት፣ ይህ ንጉሥ በአንድ ሰው ሥጋና ደም የታነፀ ነው፤ ሐዘኑ ሳይደርቅ ሌላ ሰው በልብሱ ውስጥ ማቆም የሟቹን ክብር መዳፈር ነው አሉ። አቤቱታውን የፈረሙት ደግሞ፣ ሟቹን የምናከብረው የደከመለትን ሥራ በማስቀጠል እንጂ ሥራውን ከእርሱ ጋር በመቅበር አይደለም፤ የጥቁር ሕፃናት አርአያ የሆነ ንጉሥ ገና ታሪኩ ሳይነገር ከሸራው ሊጠፋ አይገባም አሉ። ያለ ሐዘን ሥነ ጥበብ ደረቅ ነውና የመጀመሪያዎቹ የተናገሩት ከልብ ነው። የኋለኞቹ ግን ከስሜት አልፈው በማስረጃ ሊደገፍ የሚችል ነጥብ አንሥተዋል።

ማስረጃው የሚገኘው በልዕለ ኃያላኑ ፊልሞች ታሪክ ውስጥ ነው። ባትማንን በ1989 ማይክል ኪተን ተጫወተው፤ ከእርሱ በኋላ ቫል ኪልመር፣ ጆርጅ ክሉኒ፣ ክርስቲያን ቤል፣ ቤን አፍሌክና ሮበርት ፓቲንሰን ተተካኩበት። ሱፐርማን በ1978 የክሪስቶፈር ሪቭ ነበር፤ በ2006 የብራንደን ሩት፣ በ2013 የሄንሪ ካቪል፣ በ2025 የዴቪድ ኮረንስዌት ሆነ። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረን የጆከር ሚና ነው። ሂዝ ሌጀር ይህን ሚና ተጫውቶ ፊልሙ ሳይወጣ በጥር 2008 ሞተ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሞቱ በኋላ የኦስካር ሽልማት ተሰጠው። ዳሩ ግን ጆከር ከሌጀር ጋር አልተቀበረም። በ2019 ዋኪን ፊኒክስ በራሱ መንገድ ተጫወተው፤ እርሱም ኦስካር አገኘ። የፊኒክስ ሥራ የሌጀርን አላደበዘዘም፤ እንዲያውም ሁለቱን ማነጻጸር የቻለ ተመልካች የእያንዳንዱን ብልኀት ይበልጥ ተረዳ። እንዲህ ከሆነ፣ ነጩ ጀግናና ነጩ ወንበዴ ከትውልድ ትውልድ ሲሸጋገሩ ጥቁሩ ንጉሥ በአንድ ፊት ተወስኖ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? የፈራሚዎቹ ጥያቄ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ አጥጋቢ መልስም አላገኘም።

ይህን ስንል ተመልካች ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለታችን አይደለም። ኪተን በ1988 ለባትማን ሲመረጥ በአስቂኝ ሚናዎች ይታወቅ ስለነበር፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የተቃውሞ ደብዳቤዎች ለዎርነር ብራዘርስ ኩባንያ ጎርፈዋል። ፊልሙ ሲታይ ግን ተቃውሞው እንደ ጉም በነነ። የሌጀርም መመረጥ በ2006 ብዙ አጉረምርሟል። ከዚህ የምንማረው ተመልካቹ ስለ አንድ ተዋናይ ብቃት ሥራውን ሳያይ የሚሰጠው ፍርድ ዘወትር እንደሚያሳስተው ነው። ፊትን ከለመደው ሚና ጋር ያጣብቃል፤ የተዋናይ ሙያ ግን ከለመዱት ፊት መውጣት ነው። ሆኖም እገሌ አይችልም በማለትና ይህ ሚና ይቀጥል በማለት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ግምት ሲሆን ሁለተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው።

ባለቤትነቱን ለመረዳት ወደ መድረክ መለስ ማለት ይጠቅማል። በተውኔት ዓለም ሚና ከተዋናይ ዕድሜ ይረዝማል። ሐምሌትን የተጫወቱትን ቆጥሮ የጨረሰ የለም። በእኛም አገር ዐፄ ቴዎድሮስን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት ጽፈውታል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በራሱ ብዕር ጽፎታል። በመቅደላው ንጉሥ ልብስ የሚቆም ተዋናይ ሁሉ ልብሱ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ከእርሱ በፊት ሌላ ለብሶታል፤ ከእርሱ በኋላም ሌላ ይለብሰዋል። የትኛውም ተዋናይ ቢያልፍ ቴዎድሮስ ዳግመኛ መድረክ ላይ አይውጣ የሚል ሕዝብ የለም፤ ሚናው የሚያስፈልገው ለሕዝቡ ነውና።

ሲኒማ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የመድረክ ትርኢት መጋረጃው ሲዘጋ ያልፋል፤ ፊልም ግን ፊትን ከሚናው ጋር አትሞ ያስቀራል። ስለዚህ በፊልም ሚናን ማውረስ ከመድረክ ይልቅ ይከብዳል፤ የሐዘንተኞቹም ስሜት ከዚህ ይመነጫል። ይሁን እንጂ የቦዝማን የራሱ የሥራ ታሪክ ለዚህ መልስ ይዟል። እርሱ በ2013 የቤዝቦል ተጫዋቹን ጃኪ ሮቢንሰንን፣ በ2014 ድምፃዊውን ጄምስ ብራውንን፣ በ2017 የሕግ ሰው ተርጉድ ማርሻልን ተጫውቷል። ሮቢንሰን በ1950 በተሠራ ፊልም ራሱ ራሱን ተጫውቶ ነበር። ቦዝማን የእውነተኛውን ሰው ፊት በሸራ ላይ ካየ ተመልካች ፊት ቆሞ ያንኑ ሰው በመሆን የተከበረ ተዋናይ ነው። የሙያ ሕይወቱ ሁሉ የሌላውን አደራ ተቀብሎ መሸከም ነበር። እንዲህ ላለ ሰው ክብር መስጫው አደራውን ማስረከብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

እዚህ ላይ ክርክሩ ያልነካውን ጉዳይ ማንሣት ግድ ይላል። ደጋፊም ተቃዋሚም ይከራከር እንጂ ቁልፉ የነበረው በሦስተኛ ወገን እጅ ነው። ማርቨልን ዲዝኒ በ2009 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ከነጀግኖቹ ነው። ቲቻላ በሕግ ፊት የኩባንያ ንብረት ነው። ፋይጊ በ2022 ሲጠየቅ ሌላ ተዋናይ ለመምረጥ ጊዜው ገና እንደነበር ተናግሯል፤ ይህ ሰብዓዊ መልስ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ይኸው ኩባንያ «አይረን ማን»ን ተጫውቶ በ2019 በፊልም ላይ የሞተውን ሮበርት ዳውኒ ጁኒየርን፣ በ2024 ዶክተር ዱም ለተባለው ሌላ ገጸ ባሕርይ መልሶ ሲያመጣው፣ ለታዋቂ ፊት የሚሰጠው ዋጋ ከምን እንደሚመነጭ ሳይወድ ገልጦታል። ሚናን ለሕዝብ አደራ ብሎ የሚያይ ሥርዓትና ሚናን የንግድ ምልክት አድርጎ የሚያይ ሥርዓት በአንድ ቋንቋ ሊነጋገሩ አይችሉም። የአፍቃሪዎቹ አቤቱታ ምሬት ያዘለው አድራሻው ፍርድ ቤት ሳይሆን ባለንብረት በመሆኑ ነው።

በኅዳር 2022 የወጣው ሁለተኛው ፊልም፣ «ዋካንዳ ለዘላለም»፣ በዚህ ውሳኔ ላይ የቆመ ነው። ንጉሡ ከሸራው ውጭ በሕመም ይሞታል፤ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይሸኘዋል፤ እህቱ ሹሪ ልታድነው ባለመቻሏ ትቃጠላለች። በእነዚህ ትዕይንቶች ሐዘኑ የትወና ሐዘን ብቻ አይደለም፤ አንጄላ ባሴት በእናትነት ሚናዋ ለኦስካር የታጨችው በከንቱ አልነበረም። የፊልሙ ብርታት ይህ ነው። ድካሙም ከዚሁ ይወለዳል። ሐዘኑ ካበቃ በኋላ ታሪኩ ማዕከሉን አጥቶ በብዙ አቅጣጫ ይበተናል፤ ሹሪ የግስላውን ልብስ ብትለብስም የንግሥና ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል። በመጨረሻም በሄይቲ አንድ ሕፃን እናየዋለን። የሟቹ ልጅ ነው፤ በነፃነት ታጋዩ በቱሳን ሉቬርቲር ስም ቱሳን ይባላል፤ የዋካንዳ ስሙ ግን ቲቻላ ነው። አዘጋጁ በበር የከለከለውን በመስኮት አስገባው ማለት ነው። ይህ ሕፃን ፈራሚዎቹ ትክክል እንደነበሩ ከፊልሙ ውስጥ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ስሙ ይቀጥላል፤ ሌላ ፊት ይሸከመዋል።

ይሁን እንጂ አፍቃሪዎቹም ሊወቀሱ የሚገባቸው ነጥብ አለ። ስለ ፊቱ ይህን ያህል ሲከራከሩ ስለሚናገረው ቃል የተከራከሩት ጥቂቶች ናቸው። በመጀመሪያው ፊልም በዓለም የተጨቆኑትን ጥቁሮች ጥያቄ አንሥቶ ዋካንዳ ለምን ዝም አለች ብሎ የጠየቀው ኪልሞንገር ነበር። ድርሰቱ ይህን እውነተኛ ጥያቄ በነፍሰ ገዳይ አፍ አስቀምጦ ጠያቂውን ገደለው። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሰው ግን የዋካንዳ ወዳጅ ሆኖ ተሣለ። ንጉሡ ከጠያቂው ተምሮ በኦክላንድ የርዳታ ማዕከል መክፈቱ መልካም ነው፤ ለተነሣው ጥያቄ ግን መልሱ አነስተኛ ነው። ማን ይጫወተው ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ምን ይናገር ብሎ ካልጠየቀ የክርክሩን ግማሽ ለባለንብረቱ ትቶለታል።

ኩግለር ሦስተኛ ፊልም እንደሚሠራ አረጋግጧል፤ ስለሆነም ክርክሩ ገና አላበቃም። በእኛ በኩል የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ ለቲቻላ የተወሰነው ውሳኔ በሐዘን ረገድ የተገባ፣ በጥበብ ረገድ ግን የተሳሳተ ነው። ሚና የተዋናዩ ላብ፣ የደራሲው ሐሳብ፣ የተመልካቹ ናፍቆት ተዋሕደው የሚያቆሙት ነውና፣ አንዱ ሲያልፍ ሁለቱ ሊያስቀጥሉት ይገባል።

ከዚህ ክርክር ለኪነት ባለሙያዎቻችን፣ ለመምህራንና ለባህል ዘርፍ ካድሬዎች የሚተርፍ ትምህርት አለ። ተዋናይ አንጋፋው የተጫወተውን ሚና ሲቀበል የአንጋፋውን ድምፅ ከመቅዳት ይልቅ የራሱን ትርጓሜ ያምጣ። መምህር ተማሪዎቹ ስለሚወዱት ፊልም ሲከራከሩ ዝም ከማሰኘት ይልቅ፣ ይህ ጀግና ለማን ይናገራል? ማን አናገረው? ብለው እንዲጠይቁ ይምራቸው። ካድሬውም የተመልካቹን ክርክር ሥራ ፈትነት ነው ብሎ ከመናቁ በፊት ያዳምጠው። ሕዝብ ስለ ምናባዊ ንጉሥ ወራሽ አጥብቆ ሲከራከር፣ በተረት ስም የሚመረምረው የራሱን ተስፋ ነውና።