አምስት ጊዜ የምትመጣው ድምፅ

የባለሙያ ትንታኔ አትጠብቁ። ኖታ አላነብም፤ ከመዘምራን ጋር ቆሜም አላውቅም። አንድ ቀረጻ ግን ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ የጣሊያናዊውን ግሬጎሪዮ አሌግሪን «ሚዜሬሬ»፣ የካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ መዘምራን በዴቪድ ዊልኮክስ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1963 እንደዘመሩት።

ሥራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቫቲካን ውስጥ ላለው ሲስቲን ጸሎት ቤት የተደረሰ ነው። ቃሉ እኛ መዝሙር 50 የምንለው የዳዊት ንስሐ ነው። እዚህ የተዘመረው በእንግሊዝኛ ነው፤ አያቴ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በግእዝ ትደግመው ነበር።

ስለዚህ ቀረጻ ሲወራ የሚነሳው ያቺ ከፍተኛ ድምፅ ናት። ያኔ የ12 ዓመት ልጅ የነበረው ሮይ ጉድማን አምስት ጊዜ እዚያ ጫፍ ይወጣል፤ አይንቀጠቀጥም፣ አይታገልም። መጀመሪያ የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነበር። መውረጃዬ አለፈኝ።

ቆይቶ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። እንዲህ ያማረ ነገር ንስሐ ይሆናል እንዴ? የአያቴ ድምፅ አያምርም ነበር። መሐል ላይ ያስላታል፣ ታቆማለች፣ ከቆመችበት ትቀጥላለች። እሷን የሰማ ሰው ይቅርታ እየለመነች እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እዚህ በደለኛው የት አለ?

ያገኘሁት ዘልዬ ሳልፈው በኖርኩት ቦታ ነው። በየመሐሉ ወንዶቹ ብቻቸውን፣ ያለ ጌጥ፣ ሁሉም በአንድ ዜማ የሚሏቸው ስንኞች አሉ። ልጁ ከወጣበት ከፍታ ሙዚቃው ተመልሶ እነሱ ላይ ያርፋል። ልጁ በደለኛው የሚመኘውን ይዘምራል፤ ወንዶቹ ያለበትን። ያለ እነሱ ያቺ ድምፅ ጌጥ ብቻ ትሆን ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የሙዚቃ ታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት ዝነኛዋን ድምፅ አሌግሪ አልጻፋትም፤ እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በግልበጣ ስሕተት የገባች ናት። ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ይበልጥ ወደድኳት። ስለ በደል ይቅርታ የሚለምን ጸሎት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ የሚጠብቃት ቦታ ራሷ ስሕተት ሆና ተገኘች፤ ያም ሆኖ አላባረሯትም፣ ይዘዋት ዘመሩ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ጫፏን ፍለጋ እያሳለፋችሁ አትስሙት፤ ከወንዶቹ ጋር ጠብቋት።

አያቴ ብትሰማው ኖሮ «ጎበዝ ልጅ ነው» ትልና ወደ ዳዊቷ ትመለስ ነበር።