ስለ ማድራስ የብር ዘለበቶች

በደቡብ ሕንድ በማድራስ ከተማ (ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሟ ቼናይ ነው) በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት፣ የአማልክት ምስል ያለባቸው የብር ዘለበቶች በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ «የስዋሚ ሥራ» ይባላሉ። ስዋሚ በሳንስክሪት ጌታ ማለት ነው። ገዢዎቹ በአብዛኛው እንግሊዛውያን ሲሆኑ፣ ከሻጮቹም ስመ ጥር የነበረው ፒ. ኦር እና ልጆቹ የተባለው የከተማው ድርጅት ነው። የዌልስ ልዑል በ1875–76 እ.ኤ.አ. ሕንድን ሲጎበኝ ከተቀበላቸው ስጦታዎች መካከል ይህን መሰል የብር ሥራ ነበረበት።

አምላክን በወገብ ላይ ማዋል ሃይማኖቱን መናቅ ነው የሚሉ ነቃፊዎች አይታጡም። ይህ ክርክር ግን አይጸናም። የታሚል ሙሽራ «ኦዲያናም» የተባለውን የወርቅ ወይም የብር መታጠቂያ ስትታጠቅ፣ ብዙ ጊዜ የላክሽሚ ምስል ከመካከሉ ይገኛል፤ ነውር ነው የሚላትም የለም። እንግሊዛዊቱ ዘለበቱን በቆዳ ቀበቶ ላይ ያደረገችው እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ሥርዐት አጥባቂው ሂንዱ ቆዳን እንደ ርኩስ ይቈጥረዋልና። እንግዲህ ነቀፋው መነሣት ካለበት ከቆዳው ይነሣ እንጂ ከወገቡ አይደለም።

በካርናታካ የሚኖሩት ሊንጋያቶች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የራቀ ጌጥ አላቸው። ይኸውም በአንገት የሚንጠለጠል የብር ሙዳይ ነው። ሊንጋው ከውስጡ ተሰውሮ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ አውጥቶ በመዳፉ ላይ አድርጎ ያመልከዋል። እዚህ ብሩ አገልጋይ ነው፤ በዘለበቱ ላይ ግን አምላኩ ለብሩ ጌጥ ሆኖ ቀርቧል። ዋናው ልዩነት ይህ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ አንጥረኛውን በዚህ መወንጀል አይገባም። ስሱን የብር ዝርግ በቅጥራን ላይ አስተኝቶ ከጀርባው እየቀጠቀጠ ምስሉን ያሳብጠዋል፤ ከዚያም ገልብጦ ፊቱን በመሮ ያጠራዋል። በተዋጣላቸው ሥራዎች ላይ፣ ገዢው ባያውቀውም እንኳ፣ ቪሽኑ ዛጎሉንና ክብ መሣሪያውን፣ ክሪሽና ዋሽንቱን፣ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻም አይጡን እንደያዙ ናቸው። ደካማ ሆኖ የሚታየው ዳር ዳሩን የሚያጨናንቀው ቅጠልና አበባ ነው፤ ዐይን የሚያርፍበት ባዶ ስፍራ አይተውም።

ዛሬም በየጨረታው መዝገብ «የሂንዱ አምላክ ያለበት ዘለበት» ተብሎ መታለፉ ያሳዝናል። ዋሽንቱ በግልጽ እየታየ ክሪሽና ብሎ ለመጻፍ ምን ያግዳል?